ቀይና ጥቁሩ በአንድ እሳት እንዴት ይወጣል?

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ (ጅማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ጀበናና ምጣድ ሠርታ ሐሙስ ገበያ ትሸጣለች። ሰሞኑን በስልኬ የአንድ ግሪክ እንስራ ፎቶ አሳየኋት። ከ2,500 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ አሁን ቫቲካን ነው ያለው፣ ሠሪው ኤክሴኪያስ ይባላል። በግሪኮች ተረት የታወቁት ጦረኞች አኪሌስና አያክስ ጦራቸውን እንደያዙ ጎንበስ ብለው የገበታ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ከአንዱ አፍ «አራት»፣ ከሌላው «ሦስት» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ካባቸው በሹል ነገር ተጭሮ የአገር ልብስ ጥበብ ይመስላል። እናቴ ግን «ሰዎቹ ጠቁረው የእንስራው ገላ እንዴት ቀላ? ሁለቴ ነው ያቃጠሉት?» አለችኝ። እሷ ጀበና የምታጠቁረው ከእሳት እንዳወጣችው በትኩሱ ገለባ ውስጥ አፍና ነው፤ ያኔ ሁሉም ይጠቁራል። የምታውቁ አስረዱኝ፣ እንዳለ ነው የምነግራት።

እሳት ዳር፦
እህቴ፣ እናትሽ ዋናውን ጠየቁ። የሚቃጠለው አንዴ ነው፣ ግን ሦስት ጊዜ አየሩ ይቀያየራል። ጥቁሩ ቀለም አይደለም፤ ብረት ያለው የአቴና አፈር በውሃ ተበጥብጦ፣ ሻካራው ሲዘቅጥ የሚቀረው ልም ጭቃ ነው፤ ሰዎቹን የሚስሉት በእሱ ነው። መጀመሪያ እቶኑ አየር ያገኛል፣ ሁሉም ይቀላል። ከዚያ ቀዳዳው ተዘግቶ እርጥብ እንጨት ይገባል፤ 900 ዲግሪ ገደማ ላይ ሁሉም ይጠቁራል፣ የተቀባው ጭቃም እንደ መስታወት ይደፈናል። በመጨረሻ አየር ሲለቀቅ ገላው መልሶ ይቀላል፣ የተደፈነው ግን አየር አይገባውምና ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የእናትሽ ጥቁር ከጭሱ ነው፣ የእነሱ ከብረቱ።

አባ ጽዋ፦
የሜምኖንንም ሥዕል አሳዪያት። በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያውያን ንጉሥ፣ የንጋት አምላክ የኤኦስ ልጅ ነው፤ በጦርነት የተከበበችውን የትሮይ ከተማ ሊረዳ ሄዶ አኪሌስ ገደለው። ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ባለው፣ ዱሪስ የሚባል ግሪካዊ በሣለው ጽዋ ላይ እናቱ ሬሳውን ታቅፋለች። እዚያ መደቡ ጥቁር፣ ሰዎቹ ቀይ ናቸው፤ ይህ አሣሣል የመጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት 525 ገደማ ነው። ግሪኮች ግን ከግብፅ በታች ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ይሉ ነበርና የእኛ ንጉሥ ነው ለማለት አንቸኩል።

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሳነብላት ሦስተኛው የአየር ቅያሪ ላይ አስቆመችኝ። ገለባው ቶሎ ከተነሳ ጀበናው አንገቱ ላይ መልሶ ይቀላል፤ እሷ ተበላሸ ብላ በግማሽ ዋጋ ነበር የምትሸጠው። «አውቀው ነው እንዴ የሚያደርጉት!» አለች። የኤኦስን ሥዕል ደግሞ ስልኩን አልመልስም ብላ አየችው። ቅዳሜ አፈር በጥብጠን ልናዘቅጥ ነው፣ በትንሽ ስኒ እንሞክራለን። እቶን ግን የለንም፣ ሜዳ ላይ ነው የምናቃጥለው። አየሩን በምን እንዝጋ?