ወደ ደሴ ለመዛወር፦ መሸኛው ይቅደም ወይስ የኪራይ ውሉ?

ሰላም የደሴ ሰዎች፣ ግራ ገብቶኛል። ከምወዳት አዲስ አበባ ጠቅልዬ ለመውጣት አንድ ቋጠሮ ቀርቶኛል። አከራዩ ለውሉ የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ ይፈልጋል። የምለቀው ወረዳ መሸኛ የሚሰጠው መታወቂያውን ተቀብሎ ነው፤ የምገባበት ቀበሌ ደግሞ መሸኛውንም ውሉንም አንድ ላይ ጠይቆኛል። መሸኛው ከወጣ በእጄ የሚቀረው ፋይዳ ብቻ ነው። በፋይዳ ብቻ የተዋዋለ አለ? ወይስ መታወቂያው ሳይመለስ ውሉን ልጨርስ? እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ።

የኤሌክትሪክ ምጣዱም ያሳስበኛል። ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ በ220 ቮልት ከ13 አምፒር በላይ ማለት ነው። ሽቦው ቀጭን፣ ቆጣሪውም የጋራ ከሆነ ማቋረጫው ይወድቃል፣ ብሎም ሶኬቱ ይቀልጣል። ለምጣድ ብቻ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ የተዘረጋለት የኪራይ ቤት ደሴ ውስጥ ይገኛል? ካልሆነ በራሴ ወጪ ለማዘርጋት አከራዮች ይፈቅዳሉ?

ፍሪጁን አይሱዙው ላይ አቁሜ አስረዋለሁ፤ ከተጋደመ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይሄዳል። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጣርማ በርን ቁልቁለትና የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ከነጭነቱ በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል ወይስ ኮምቦልቻ ልደር? እባካችሁ የምታውቁ መልሱልኝ።