የስፌት ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ሲወጣ ለምን ይደበዝዛል?

የጀጎሏ ሰፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሐረር ስፌት ለመሸጥ ነው ፎቶ የምለጥፈው። ስልኩ ሳምሰንግ ነው፣ ካሜራው 50 ሜጋፒክስል ላይ ተደርጓል፣ አንዱ ፎቶ 12 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። ጋለሪ ውስጥ አጉልቼ ሳየው አክርማው (የሚሰፋበት ሣር) አንድ በአንድ ይቆጠራል። ኢንስታግራም ላይ ሲወጣ ግን ቀዩና አረንጓዴው ይቀባባል፣ ሐረጉ ይጠፋል። ቴሌግራም ቻናሉም ላይ ያው ነው። ማታ ማታ ደግሞ ጭነቱ መጨረሻው ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል። ጥፋቱ የስልኩ ነው፣ የኔትወርኩ ወይስ የአፑ?

የከዚራው ልጅ፦
አቦ ስልኩ ምንም አልሆነም። ኢንስታግራም ከ1080 ፒክስል (ፎቶው የተሠራበት ነጥብ) የሚሰፋውን ፎቶ ሁሉ አሳንሶ ነው የሚያስቀምጠው። በ50 ሜጋፒክስል ቁመቱን ይዞ የተነሳ ፎቶ ስፋቱ 6 ሺህ ፒክስል ገደማ ነው፤ ወደ ጎን ከስድስት ፒክስል አንዱ ብቻ ይተርፍልሻል።

ቀለሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ጄፒጂ (የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት) ፎቶውን ሲጨምቅ ብርሃኑን ለእያንዳንዱ ፒክስል ይይዛል፤ ቀለሙን ግን ብዙውን ጊዜ ለአራት ፒክስል አንድ አድርጎ ነው። ሰማይ ወይም የሰው ፊት ላይ አይታወቅም። ቀይ አክርማ ከአረንጓዴ ጎን ሲሰፋ ግን የሁለቱ ድምቀት ተቀራራቢ ስለሆነ ድንበሩን የሚለየው ቀለሙ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀድሞ ተቆርጧል። ነጭና ጥቁር ያለበት ስፌት የማይበላሸው ለዚህ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 40 ሳንቲሜትር የሆነ ስፌት የፎቶውን ወርድ ሙሉ ከያዘ ለአንድ ሳንቲሜትር 27 ፒክስል ይደርሰዋል። 2 ሚሊሜትር የሆነች መስመር 5 ፒክስል አገኘች፣ ትታያለች። ስፌቱ የፎቶውን ወርድ ግማሽ ብቻ ከያዘ ያቺው መስመር ከ3 ፒክስል በታች ትወርዳለች፣ አለቀላት። ስለዚህ በአንድ ፖስት ሁለት ፎቶ አድርጊ፦ አንዱ ሙሉውን፣ ሌላው 10 ሳንቲሜትር የሚሆነውን ብቻ ተጠግተሽ። የእጅ ሥራ የሚያውቅ ገዢ ዋጋ የሚጠይቀው ሁለተኛውን አይቶ ነው።

ማሳነሱን ደግሞ ለአፑ አትተዪለት። ላይትሩም ሞባይል (የፎቶ ማስተካከያ አፕ) ላይ 3 ለ 4 ክሮፕ አድርጊና ‹ኤክስፖርት አዝ› ውስጥ ጄፒጂ፣ ረጅሙ ጎን 1440 ፒክስል፣ ጥራት 90 በመቶ፣ ከለር ስፔስ ኤስአርጂቢ ብለሽ አውጪ። 1080 በ1440 የሆነ ፋይል ታገኛለሽ፣ አፑ ብዙ የሚነካው ነገር አይኖርም።

ፈላና በር፦
ልኩ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው እዚያው ላይትሩም ላይ ሻርፕኒንግ (ጠርዝ ማጥሪያው) ‹ሎው› ላይ ይሁን። ስፌት በራሱ መስመር በመስመር ነው፤ ካበዛሽው ሲጨመቅ ጠርዙ ሁሉ ይቆራረጣል።

ኢንስታግራም ሴቲንግ ውስጥ ‹ሚዲያ ኳሊቲ› ብለሽ ፈልጊና ‹አፕሎድ አት ሃይየስት ኳሊቲ› የሚለውን አብሪ። ዳታ ሴቨር ካለ አጥፊ። ፎቶውን መጀመሪያ በቴሌግራም ተቀብለሽ ወይም ስክሪንሾት አንስተሽ ከጫንሽው ደግሞ ሁለት ጊዜ ተጨምቋል፣ ያንን ማንም አይመልሰውም።

የማታው መቆም ከ12 ሜጋባይቱ ጋር ብዙም አይገናኝም፤ ኢንስታግራም ስልኩ ላይ አሳንሶ ነው የሚልከው። ማታ ቤት ውስጥ ሆነሽ ከሆነ የምትጭኚው፣ ጀጎል ውስጥ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው። የኔትወርኩ ማማ ጉልበት ስላለው ስልኩ መቀበል አያቅተውም፤ የስልኩ ጉልበት ግን ትንሽ ስለሆነ የሚደክመው መላኩ ላይ ነው። ቪዲዮ እየሠራ ፎቶ የማይጫነው ለዚህ ነው። ግቢው ውስጥ ወይም ሰገነት ላይ ሆነሽ ሞክሪ። የባትሪ ቁጠባን አጥፊ፣ እስኪያልቅ አፑን አትዝጊው። ቆሞ ካየሽው እንደገና አትለጥፊ፣ ኋላ ሁለቱም አንድ ላይ ይወጡና ማጥፋት ትጀምሪያለሽ።

አንድሮይድ 14 ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ሲጠይቅሽ የተመረጡ ፎቶዎችን ብቻ ብለሽው ይሆናል፤ አዲስ ያነሳሽው አፑ ውስጥ የማይመጣው ያኔ ነው። ከስልኩ ሴቲንግ ሙሉ ፈቃድ ስጪው።

የጀጎሏ ሰፊ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቴሌግራም ላይ ‹ፋይል› አድርጎ መላክ ይሻላል ይላሉ፣ እውነት ነው? ደግሞ ቤት ውስጥ ሳነሳ ነጩ አክርማ ሮዝ ይመስላል፣ ይሄስ ከመጫኑ ነው?

ፈላና በር፦
በተለመደው መንገድ ከላክሽው ቴሌግራም ረጅሙን ጎን 1280 ፒክስል ላይ ያወርደዋል። ፋይል ከሆነ አይነካውም። ግን የካሜራሽ ‹ሎኬሽን ታግ› በርቶ ከነበረ ፎቶው የተነሳበት ቦታ አብሮ ይሄዳል፤ ያወረደው ሰው ሁሉ ቤትሽን ካርታ ላይ ያገኘዋል። ካሜራ ሴቲንግ ገብተሽ ታጉን ሳታጠፊ ፋይል አትላኪ። በፊት የተነሱትን በላይትሩም ስታወጪ ሜታዳታ (ከፎቶው ጋር የሚሄደው መረጃ) ውስጥ ሎኬሽኑን አንሺ።

የከዚራው ልጅ፦
ሮዙ ከመጫኑ አይደለም። ጌ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ውስጥ ወለሉም ነደባውም (ከፍ ያለው መቀመጫ) ቀይ አፈር የተቀባ ስለሆነ ብርሃኑ ከሱ ነጥሮ ነው ስፌቱ ላይ የሚያርፈው፤ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ካነሳሽው ከታች በኩል ይብሳል። አውርደሽ ግቢው ጥላ ውስጥ፣ ነጭ ነጠላ ላይ አስቀምጠሽ አንሺው፣ ፍላሽ አይብራ። የግቢው ግድግዳ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ግን ሁለት ሜትር ያህል ራቂው፣ እሱም ቀለሙን ይሰጣል። በላይትሩም ‹ዋይት ባላንስ› ውስጥ የጠብታ መሳቢያ ምስል ያላትን ምልክት መርጠሽ ነጠላውን ብትነኪው የቀረውን ያስተካክለዋል፤ በዚያው ብርሃን ያነሳሻቸውን ሁሉ ኮፒና ፔስት አድርጊላቸው።