ክራብ ኔቡላ ውስጥ ኤሌክትሮን ኢነርጂውን ለማጣት 30 ቢሊዮን ዓመት? ስሌቴ የት ጋ ተሳሳተ?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)
ሰላም ለሁላችሁ። ክራብ ኔቡላ (የፈነዳ ኮከብ ቅሪት የሆነ የጋዝ ደመና) ውስጥ ያለ የ1 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ኤሌክትሮን በስንት ጊዜ ኢነርጂውን እንደሚያጣ እያሰላሁ ነው። የያዝኩት ቀመር፦ ጊዜ በሰከንድ = 7.7 × 10⁸ ÷ (መስክ² × ጋማ)። ማግኔታዊ መስኩን 2 × 10⁻⁸ ቴስላ፣ ጋማን (የኤሌክትሮኑ ኢነርጂ ከዕረፍት ኢነርጂው ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚለካውን) 2 ሚሊዮን ብዬ ሳስገባ 30 ቢሊዮን ዓመት ወጣ። ከዩኒቨርስ ዕድሜ በለጠ! ደግሞስ ማግኔታዊ መስክ ሥራ አይሠራም እየተባለ ኢነርጂውን እንዴት ይወስዳል?

መልስ (ከባሕር ዳር)
ወንድሜ፣ ቀመሩ ልክ ነው፤ መስኩን የሚፈልገው ግን በጋውስ ነው። 1 ቴስላ 10 ሺህ ጋውስ ነው፤ ስኩዌር ሲሆን ስሕተቱ 100 ሚሊዮን እጥፍ ይደርሳል። 2 × 10⁻⁴ ጋውስ አስገባ፦ ስኩዌሩ 4 × 10⁻⁸፣ በጋማ ሲባዛ 0.08፣ መልሱ 9.6 × 10⁹ ሰከንድ፣ 300 ዓመት ገደማ።

በ300 ዓመት የሚያጣው ግን ግማሹን ነው። ኪሳራው ከኢነርጂው ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ ኤሌክትሮኑ እየደከመ ሲመጣ ኪሳራውም ይቀንሳል፤ በ600 ዓመት አንድ ሦስተኛው ይቀረዋል። ኤክስፖኔንሻል አድርገህ እንዳትሠራው። ኔቡላውን የወለደው የኮከብ ፍንዳታ የታየው በ1054 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ ዛሬ በዚህ ኢነርጂ የሚገኘውን ኤሌክትሮን መሃል ያለው ፐልሳር (በፍጥነት የሚሽከረከር የኒውትሮን ኮከብ) እየመገበው ነው ማለት ነው።

መልስ (ከእንጅባራ)
ሁለተኛው ጥያቄ እንዳይታለፍ። ሰብል ጠባቂ ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ ሲያዞር ገመዱ ድንጋዩን ወደ እጁ ይስበዋል እንጂ ወደፊት አይገፋውም፣ ወደኋላም አይጎትተውም። መስኩም ኤሌክትሮኑን የሚስበው ወደ ጎን ብቻ ነው። ነገር ግን አቅጣጫው የሚጠመዘዝ ቻርጅ ጨረር ይረጫል፤ ይህ የሲንክሮትሮን ጨረር ቻርጁ በሚሄድበት አቅጣጫ ተሰብስቦ ስለሚወጣ ኤሌክትሮኑን መልሶ ወደኋላ ይገፋዋል። ኢነርጂውን ይዞ የሚሄደው ጨረሩ ነው። ከመስኩ መስመር ጋር ትይዩ የሚሄድ ኤሌክትሮን በዚህ መንገድ ምንም አያጣም፤ ያንተ ቀመር የሁሉንም አቅጣጫ አማካይ የወሰደ ነው።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ፣ 300 መጣልኝ። ፕሮቶንስ? ፐልሳሩ ወለል ላይስ ይኸው ቀመር ይሠራል?

መልስ (ከባሕር ዳር)
ፕሮቶን 1836 እጥፍ ይከብዳል። በእኩል ኢነርጂ ጊዜው በ1836⁴፣ ማለትም ወደ 10¹³ እጥፍ ይረዝማል፤ ኔቡላው ውስጥ ኪሳራውን ተወው።

ፐልሳሩ ጋ ተጠንቀቅ፤ መስኩ በትሪሊዮን ጋውስ ይቆጠራል። መጀመሪያ ጋማን በመስኩ አባዝተህ ለ4.4 × 10¹³ ጋውስ አካፍል። ከ1 እጅግ ካነሰ ቀመሩ ይሠራል፤ የኔቡላው 10⁻¹¹ ገደማ ስለሆነ አያሰጋም። ወደ 1 ከተጠጋ ግን አንድ ፎቶን (የጨረር ቅንጣት) ብቻውን የኤሌክትሮኑን ኢነርጂ ትልቅ ድርሻ ይዞ ስለሚወጣ የኳንተም ስሌት ግድ ነው።