የአባቴ አሮጌ ስፒከሮች፦ ይጠገኑ ወይስ ይለወጡ?

የሆጤ ልጅ (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በ1971 ዓ.ም. ወደ አገሩ ይመለስ ከነበረ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ የገዛቸው ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች፣ አንድ አምፕሊፋየርና አንድ የሸክላ ማጫወቻ በቤታችን አሉ። እኛ ልጆቹ ባቲንና አምባሰልን፣ በረመዳን ደግሞ ከጎረቤት የምንዋሰውን የመንዙማ ካሴት በእነዚሁ ስፒከሮች እየሰማን ነው ያደግነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ 12 ዓመት ያህል ማንም ሳይነካቸው ምድር ቤት ቆይተው ባለፈው ወር አወጣኋቸው፤ የፊት ጨርቃቸውን ስገልጥ ግን ያየሁት ነገር አሳዘነኝ። የትልቁን ስፒከር ወረቀት ከብረት ክፈፉ ጋር የሚያያይዘው የስፖንጅ ቀለበት በጣቴ ገና ስነካው እንደ አመድ ረገፈ። ሁለቱም ላይ እንዲሁ ነው። ከሳጥኖቹ አንዱ ሲሚንቶ ወለል ላይ ያረፈበት ጎን ውሃ እንደ ጠጣ ዳቦ አብጦ ተፈረካክሷል። አምፕሊፋየሩን ለሁለት ደቂቃ ያህል አብርቼው ነበር፤ ድምፁን እስከ ዜሮ ብቀንሰውም የማያቋርጥ ጉርምርምታ ስላሰማ ፈርቼ አጠፋሁት። ቀጥሎም በቀኝ በኩል ያለው የትንሹ ስፒከር ቀጭን ድምፅ ከግራው ይልቅ የታፈነ መሆኑን በሌላ አምፕሊፋየር አረጋግጫለሁ።

አንድ ሱቅ ወስጄ ሳሳይ «ይህ አይጠገንም፣ ውስጡን አውጥተህ ጣልና አዲስ የመኪና ስፒከር ግጠምበት» ተባልኩ። ልቤ አልተቀበለውም። ትልቁ ስፒከር 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሲኖረው ጀርባው ላይ 8 ኦም ተጽፎበታል፤ ሳጥኑ ቀዳዳ የሌለው ድፍን ሲሆን ከውስጥ ስለካው 28 በ46 በ22 ሴንቲ ሜትር ነው። የድሮዎቹን ስፒከሮች አድኜ አዲስ ሳጥን ማሠራት ይቻል እንደሆነ፣ ከተቻለም በምን እንጨትና በምን መጠን እንደሚሻል የምታውቁ ብትመሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ እባክዎ አይጣሉት። የረገፈው ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን የሚባል ነገር ነው፤ ቢሠሩበትም ባይሠሩበትም ከአየርና ከእርጥበት ጋር እየተዋሃደ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ የእርስዎ ስፒከር የተበላሸው ሰው አበላሽቶት ሳይሆን ዕድሜው ደርሶ ነው፣ የሞተውም ቀለበቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ፣ ማግኔቱና ኮይሉ (ከወረቀቱ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል) ደህና ከሆኑ ለእነዚያ ሳጥኖች ከእነርሱ የተሻለ ስፒከር አያገኙም፤ የመኪና ስፒከር የተሠራው ለሌላ ዓይነት ቦታ ነውና።

በመጀመሪያ የኮይሉን ጤንነት ያረጋግጡ። መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም ላይ አድርገው ሁለቱን ጫፎች ሲለኩ፣ 8 ኦም የተጻፈበት ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 7 ኦም ያሳያል፤ ምንም ካላሳየ ኮይሉ ተቆርጧል ማለት ነው። ቀጥሎ የሁለቱን እጆችዎን ጣቶች በወረቀቱ ዙሪያ እኩል ዘርግተው በቀስታ ወደ ውስጥ ይግፉት። በጸጥታ ገብቶ ከወጣ ደስ ይበልዎ፤ አሸዋ እንደሚፈጭ ያለ ድምፅ ከሰጠ ግን ቀለበት ከመግዛትዎ በፊት ኮይሉን የሚያይ ባለሙያ ይፈልጉ።

አዲሱ ቀለበት በትእዛዝ ስለሚመጣ ከማዘዝዎ በፊት የወረቀቱን ውጫዊ ስፋት፣ የክፈፉን ውስጣዊ ስፋትና የቀለበቱን ጉብታ ስፋት በሚሊ ሜትር ይለኩ። አሮጌውን ትርፍራፊ ከወረቀቱ ላይ ለማንሣት በአልኮል የራሰ ጥጥና የማይቆርጥ ቢላዋ ይበቃል፤ እዚህ ላይ መቸኮል ወረቀቱን ይቀድዳል። እኔ የመጀመሪያዬን የሠራሁት ለአንድ ሻይ ቤት ሲሆን ቀለበቱን በአንድ ምሽት ከወረቀቱም ከክፈፉም ጋር አጣብቄ ነበር፤ በማግስቱ ኮይሉ ከመሃል ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ሲፋተግ ስላገኘሁት ኮላውን ሁሉ አርሼ እንደ ገና ለማላቀቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ቀለበቱን መጀመሪያ ከወረቀቱ ጋር ብቻ በነጩ የእንጨት ኮላ አጣብቄ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ መሃል ላይ ያለችውን ትንሽ የአቧራ ክዳን በምላጭ ቆርጬ አነሣና በኮይሉና በመሃሉ ብረት መካከል አራት ቁራጭ የድሮ የፎቶ ፊልም በአራቱም አቅጣጫ እሰካለሁ፤ ፊልሞቹ ኮይሉን ልክ መሃል ላይ ይይዙታል። ያን ጊዜ ብቻ ነው የውጩን ጠርዝ ከክፈፉ ጋር የማጣብቀው። ኮላው ሲደርቅ ፊልሞቹን አውጥቶ ክዳኗን መመለስ ነው።

ቀለበቱ እስኪመጣ ድረስ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጣችሁ አጣብቁ የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙዎታል። አይስሟቸው። ጎማው ለዚህ ሥራ ከባድና ደረቅ ነው፤ ወረቀቱን እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ አስሮ የከበሮውን ወፍራም ድምፅ ይገድለዋል።

ነባር ሬዲዮ ጠጋኝ (ደሴ፣ ፒያሳ)

ልጄ፣ ከላይ የተሰጠህ ምክር ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ኤሌክትሪኩ ነው። አምፕሊፋየሩን ከእንግዲህ በቀጥታ ግድግዳ ላይ እንዳትሰካው። 12 ዓመት የተኛ ዕቃ በ220 ቮልት በድንገት ሲቀሰቀስ የደረቀው ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ሊፈነዳ፣ ትራንስፎርመሩም ሊቃጠል ይችላል። እኛ በሙያው የቆየን ሰዎች ኤልኢዲ ያልሆነ፣ የድሮውን ባለ ሽቦ የ100 ዋት አምፖል በአንደኛው የመብራት መስመር ላይ በተከታታይ እናስገባለን። አምፖሉ ለአፍታ በርቶ ከደበዘዘ ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ደምቆ በርቶ ከቀረ ግን ውስጡ ያለ ቦታው የተገናኘ (ሾርት ያደረገ) ነገር አለና ወዲያው አጥፋው። አደጋው አምፖሉ ላይ ያልቃል እንጂ ዕቃው አይነድም።

ድምፁን ዜሮ አድርገህ የሚሰማው ጉርምርምታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከኃይል ክፍሉ ትልልቅ ኮንደንሰሮች ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ኮንደንሰሩ ሲደርቅ የሚወጣው ድምፅ የዚህ እጥፍ፣ 100 ኸርዝ ነው፤ ወፈር ያለ ንብ የምታሰማውን ይመስላል። ጉርምርምታው ድምፅ ስትጨምር አብሮ የሚጨምርና የሸክላ ማጫወቻውን ብረት ስትነካው የሚቀንስ ቢሆን ኖሮ የምድር ሽቦው ተቋርጧል እልህ ነበር። የአንተ ግን የመጀመሪያው ነው። ኮንደንሰሮቹን ስትለውጥ ማይክሮፋራዱን (የኮንደንሰሩን የመያዝ አቅም) ጠብቅ፤ ቮልቱ ከነባሩ እኩል ወይም በላይ ይሁን፣ የፕላስና የማይነሱን አቅጣጫም ሁለት ጊዜ ተመልከት። ከመንካትህ በፊት ግን ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዘው እንደሚቆዩ አትርሳ፤ በ1,000 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን በሚገታ ዕቃ) አስለቅቀህ ዜሮ መሆኑን በመልቲሜትር አረጋግጥ እንጂ በጠመንጃ መፍቻ አታገናኛቸው።

የቀኙ ቀጭን ድምፅ የታፈነው ሳጥኑ ውስጥ ያለው ትንሽ ኮንደንሰር ስለ ደከመ ይመስለኛል። ለምሳሌ 4.7 ማይክሮፋራድ ከሆነ ከ8 ኦም ስፒከር ጋር ሆኖ ከ4,200 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ድምፅ ወደ ትንሹ ስፒከር የሚያሳልፈው እርሱ ነው። ይህ ፕላስና ማይነስ የሌለው ዓይነት መሆን አለበት። ገበያ ላይ ካጣህ ሁለት ባለ 10 ማይክሮፋራድ ተራ ኮንደንሰሮችን ማይነስ ከማይነስ አገናኝተህ ብትበይድ 5 ይሰጡሃል፤ ልዩነቱ በጆሮ አይለይም። የግራውም ዕድሜው እኩል ነውና ሁለቱንም አንድ ላይ ለውጥ።

የተጠገነውን ስፒከር ከአምፕሊፋየሩ ጋር ከማገናኘትህ በፊት በስፒከር መውጫው ላይ ዲሲ (እንደ ባትሪ አቅጣጫው የማይለዋወጥ) ቮልቴጅ ለካ። ጥቂት ሚሊ ቮልት ቢሆን ችግር የለውም፤ ሙሉ ቮልቶች ካየህ ግን ያ ሁሉ የቀለበት ልፋትህ በደቂቃ ውስጥ ከኮይሉ ጋር ይቃጠላል። ሳጥኑን በዋንዛ አሠራው፤ ዋንዛ ለድምፅ የታወቀ እንጨት ነው።

የፊዚክስ መምህር (ኮምቦልቻ)

ጋሼ ስለ ኤሌክትሪኩ የጻፉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ስለ ዋንዛው ግን በአክብሮት ልለይ። ወጥ እንጨት በክረምት አብጦ በበጋ ይኮማተራል፤ የደሴ ጉምና ዝናብ ባለበት ቦታ ሰፊ የዋንዛ ጣውላ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መገጣጠሚያው ላይ መላቀቁ አይቀርም፣ ድፍን ሳጥን ደግሞ አየር ካስወጣ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሳጥኑ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ፕላይውድ ይሠራ፤ ዋንዛው ለፊት ክፈፉና ለእግሮቹ ይሁን። ቺፕውድ (ከእንጨት ፍቅፋቂና ከኮላ የተጨመቀ ጣውላ) እርጥበት ሲነካው ምን እንደሚሆን እርስዎ ራስዎ አይተዋል። የፕላይውዱ ጠርዞች፣ በተለይ የታችኛው፣ ከውስጥም ከውጭም ቫርኒሽ ይቀቡ፤ ሳጥኑም ከወለሉ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግርዎ ወደምፈልገው ልምጣ። በድፍን ሳጥን ውስጥ የታሰረው አየር ለስፒከሩ እንደ ስፕሪንግ ሆኖ ያገለግላል። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ ያበቃው አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር ሲሆን፣ የሳጥን ስሌቱን በኋላ ያደራጁት ኔቪል ቲልና ሪቻርድ ስሞል ናቸው። የአየሩ ስፕሪንግ ጥንካሬ የሚወሰነው በሳጥኑ መጠንና በአየሩ ግፊት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ እዚህ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆንን 80 ከመቶ ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት በሰጡን ልክ ሲሰላ 28 ሊትር የሆነው ሳጥንዎ ደሴ ላይ ሲቀመጥ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ የ37 ሊትር ሳጥን ያህል የለሰለሰ ስፕሪንግ ይሆናል። ሠሪዎቹ በፋብሪካቸው የሰሙትን ድምፅ ደሴ ላይ ለማግኘት የሚያስፈልገው 28 ሲባዛ በ0.75፣ ማለትም 21 ሊትር ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት የሳጥን ማስያዎች በአብዛኛው የባሕር ወለልን አየር ስለሚወስዱ ይህን አይነግሩዎትም።

ቀዳዳ ባለው ሳጥን ላይ ነገሩ ይለያል። ቀዳዳው የሚያጎላው ድምፅ የሚወሰነው በድምፅ ፍጥነት ነው፤ የድምፅ ፍጥነት ደግሞ በሙቀት እንጂ በግፊት አይለወጥም። የአየሩ ስፕሪንግ በላላ መጠን በቀዳዳው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው አየርም እኩል ስለሚቀል ሁለቱ ይካካሳሉ። ቀጭኑ አየር ሌላም ነገር ያደርጋል፤ በአንድ ዓይነት ኃይል ደሴ ላይ የሚሰማው ድምፅ ከባሕር ዳርቻው በ2 ዴሲቤል ያህል ያነሰ ነው፣ አምፕሊፋየሩም ሙቀቱን በዝግታ ያስወጣልና ዙሪያው ክፍት ይሁን።

እንግዲህ ስሌቱን በጭፍን እንዲያምኑኝ አልፈልግም። አዲሱን ሳጥን በቀድሞው መጠን በ28 ሊትር አሠርተው ውስጡ የሚገቡ፣ ጠቅላላ መጠናቸው 7 ሊትር የሚሆን ድፍን የእንጨት ቁራጮችን ያዘጋጁ፤ አንድ ጊዜ ከነቁራጮቹ፣ አንድ ጊዜ ያለ እነርሱ በጆሮዎ ያወዳድሩ። መለካት ከፈለጉ ደግሞ ስልክዎ ላይ ድምፅ የሚያመነጭ መተግበሪያ ጭነው ከአምፕሊፋየሩ ወደ ስፒከሩ በሚሄደው መስመር ላይ የ100 ኦም ሬዚስተር ያስገቡ፤ ከ20 ኸርዝ ጀምረው ቀስ እያሉ ሲጨምሩ በስፒከሩ ጫፎች ላይ የሚለካው ኤሲ (አቅጣጫው የሚለዋወጥ) ቮልቴጅ ከፍተኛ የሚሆንበት ቦታ የስፒከሩ የተፈጥሮ ድምፅ፣ ማለትም በራሱ በቀላሉ የሚርገበገብበት ነው። መጀመሪያ ስፒከሩን ከሳጥን ውጭ፣ ቀጥሎ ሳጥን ውስጥ ይለኩ። ሳጥኑ አየር አለማስወጣቱን ለማወቅ ወረቀቱን በቀስታ ገፍተው ይልቀቁት፤ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ጥሩ ነው፣ ወዲያው ከተወነጨፈ የሚያፈስበትን ቦታ ይፈልጉ።

የሆጤ ልጅ (ደሴ)

ጋሼ፣ ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀለበቶቹ እስኪደርሱ ሰባት ሳምንት ስለ ፈጀ ዘግይቼ ተመለስኩ። ኮይሎቹ 6.4 እና 6.5 ኦም አሳዩ፤ ወረቀቶቹም ያለ ድምፅ ይገቡና ይወጡ ነበር። የፎቶ ፊልሙን ያገኘሁት ከአባቴ የድሮ ኔጋቲቮች መካከል ባዶ ከነበሩት ነው። አምፕሊፋየሩን በአምፖል ሳበራው አምፖሉ ለአፍታ ደምቆ ደበዘዘ፤ ኮንደንሰሮቹን ከለወጥኩ በኋላ ጉርምርምታው ጠፋ። የቀኙም ድምፅ ከግራው ጋር እኩል ሆነ።

የሰፈራችን አናጢ ሳጥኖቹን በፕላይውድ ሠርቶ ፊታቸውን በዋንዛ አለበሰልኝ። የተፈጥሮ ድምፁን ስለካ ስፒከሩ ከሳጥን ውጭ 31፣ በ28 ሊትሩ ሳጥን ውስጥ 49፣ ቁራጮቹ ሲገቡ 54 ኸርዝ ሆነ። እናቴን አስቀምጬ የትኛው እንደሆነ ሳልነግራት አንዱን መንዙማ በሁለቱም አሰማኋት። ከነቁራጮቹ ያለውን ስትሰማ የከበሮውን ድምፅ ለይታ «የድሮው ይኼ ነው» አለች። ቁራጮቹን በኮላ አጣብቄ ዘግቼዋለሁ። የቀረኝ የሸክላ ማጫወቻው ነው፤ ያሉን የአማርኛ ሸክላዎች በአብዛኛው የ45 ዙር ስለሆኑና መርፌው ስላረጀ፣ አዲስ መርፌ ሳላገኝ ላጫውታቸው አልደፈርኩም።

ነባር ሬዲዮ ጠጋኝ (ደሴ፣ ፒያሳ)

አለመድፈርህ ደግ ነው፤ ያረጀ መርፌ ሸክላን በአንድ ጊዜ ያርሰዋል። የመርፌውን መያዣ ነቅለህ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እዚህ ጻፍልኝ፤ የሚገጥመውን ዓይነት እነግርሃለሁ።