ልባሽ ከውጭ እንዳይገባ ይከልከል? ክርክሩ ይኸው

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው አንዱ አባል «ልባሽ የምትገዙ ሁሉ የሰፊዎችን እንጀራ እየዘጋችሁ ነው» ብሎ ተነሳ፣ ግማሹ ግሩፕ ደግሞ ቤቱን የያዘው በልባሽ ስለሆነ ነገሩ ተጋጋለ። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄ፦ መንግሥታት ያገለገለ ልብስና ዕቃ ከውጭ እንዳይገባ ቢከለክሉ ትክክል ነው? ለመነሻ ያህል፣ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ መሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ተሰብስበው እስከ 2019 ድረስ ልባሽን ለማስቀረት ተስማምተው ነበር። ሩዋንዳ ጨክና ቀረጡን በኪሎ ከ0.20 ዶላር ወደ 2.50 ዶላር ሰቀለችው። አሜሪካ ደግሞ በ2018 በአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ በሚፈቅደው ሕግ) በኩል ለሩዋንዳ ልብስ የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል አገደች። ኬንያ ግን ቀድማ ወደኋላ ብላለች። ስድብ የለም። ጀምሩ።

መቀስ፦ ይከልከል። አልሸፋፍንም፣ እኔ ሰፊ ነኝ። ጨርቅ እገዛለሁ፣ ክር እገዛለሁ፣ ዚፕ እገዛለሁ፣ የቤት ኪራይና መብራት እከፍላለሁ፣ ከዚያ የምወዳደረው ባለቤቱ ሰልችቶት በነፃ ከሰጠው ሸሚዝ ጋር ነው። ቦንዳው ላይ ያለው ወጪ መለየት፣ ማሰርና ማጓጓዝ ነው እንጂ ልብሱ ራሱ ባዶ ዋጋ ነው ማለት ይቻላል። ከባዶ ጋር ተወዳድሮ ያሸነፈ ሰፊ ካለ አሳዩኝ። ስለ ቤት ቁጠባ ስታወሩ የእኔም ቤት ቤት መሆኑን አትርሱ።

የልጆች እናት፦ ወንድሜ መቀስ፣ ሕመምህ ይገባኛል፣ ግን ልጅ ስታሳድግ ነገሩ ይለያል። ልጅ አዲሱን ሱሪ ገና ሳይጠግበው ያጥረዋል። ልባሽ ስገዛ መጀመሪያ የማየው የእግሩን እጥፋት ነው። ወደ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ትርፍ ጨርቅ ካለው ተርትሬ አወርደውና ሌላ ዓመት ያለብስልኛል። ከዚያ ብብቱንና የሱሪውን መገናኛ ወደ ብርሃን አነሳለሁ፣ ሳስቶ ወንፊት ከሆነ ቻው። ዚፑን ደጋግሜ ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ዚፕ ማስቀየር የልብሱን ዋጋ ሊያህል ይችላላ! ይሄን ሁሉ አጣርቼ የምገዛውን ከልክላችሁ ምን ልታለብሱልኝ ነው? በክልከላው ማግስት ፋብሪካ የልጅ ጃኬት ይዞ በሬን አያንኳኳም። መሃል ላይ ያለውን ዓመት ማን ይከፍላል?

ካልኩሌተር፦ እናታችን፣ እርስዎ እንደዚህ ስለሚገዙ ነው ልባሽ ቁጠባ የሚመስልዎት። አብዛኛው ሰው እንደ እርስዎ አይገዛም። «ርካሽ ነው፣ ልያዘው» ብሎ ይገዛል፣ ቁም ሳጥኑ አልዘጋ ይላል፣ ከዚያ ለልብሱ ማስቀመጫ ሌላ ሳጥን ይገዛል (ያው ያገለገለ)። ቁጠባ የሚባለው ልትገዛው የነበረውን አዲስ ነገር ሲያስቀርልህ ብቻ ነው። ልትገዛ ያላሰብከውን በግማሽ ዋጋ ብትወስድ ግማሹን ዋጋ ከሰርክ፣ አለቀ። እኔ ከቤት ስወጣ የጎደለኝን ጽፌ እወጣለሁ፣ ከዝርዝሩ ውጪ ቢመርቁልኝም አልወስድም። ሰው ቆንቋና ይለኛል፣ ይበል።

ቴስተር፦ እኔ የምጠላው «ያገለገለ» የሚለውን አንድ ጆንያ ነው። ሸሚዝና ፍሪጅ ምን አገናኛቸው? ሸሚዝ ከገዛኸው በኋላ ከሳሙና ሌላ ምንም አይጠይቅህም። ፍሪጅ ግን ሌት ተቀን ተሰክቶ ነው የሚውለው። መጭመቂያው ያረጀ ፍሪጅ ሲገዛ ርካሽ ነው፣ ከዚያ በየወሩ በቆጣሪ በኩል ትከፍለዋለህ። ጋና ይሄ ገብቷት ከ2013 ጀምሮ ያገለገለ ፍሪጅና የአየር ማቀዝቀዣ እንዳይገባ ማገድ ጀምራለች። አሮጌዎቹ ውስጥ የኦዞን ሽፋንን የሚጎዳ ጋዝ ያለባቸውም አሉ፣ ዓለም በ1987 በሞንትሪያል ስምምነት ሊያስቀረው የተስማማበት ጋዝ ማለት ነው። እዚህ ላይ ክልከላ ስትሉኝ ሁለት እጄን አነሳለሁ። ልብስ ላይ ግን አልፈርምም።

ደግሞ ያገለገለ ፍሪጅ የግድ ከሆነባችሁ፣ በሩን ወረቀት አስይዛችሁ ዝጉና ወረቀቱን ሳቡት። ያለ ትግል ሾልኮ ከወጣ ጎማው አልቋል፣ ብርዱ በዚያው እየወጣ ነው። ዙሪያውን ሞክሩት እንጂ አንድ ቦታ አይታችሁ አትመኑ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚላላው ማጠፊያው በኩል ነው።

መቀስ፦ ቴስተር ፍሪጁን አግደህ የእኔን ሸሚዝ ለቀቅከው ማለት ነው፣ አመሰግናለሁ።

ጥግ ተቀማጭ፦ ፍራሽስ? ትኋን ሳይበላ ወራት ይቆያል። ፍራሽ ለወር ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ አላምነውም። የሞተር ሄልሜትም ጨምሩበት። ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተመታ ተጨፍልቋል፣ ከውጪ ቀለሙ ቢያብረቀርቅም ሁለተኛ ምት አይችልም። መመታት አለመመታቱን ደግሞ ሻጩ አይነግርህም።

የልጆች እናት፦ በዚህ ተስማምተናል። ልብስ ከሆነ ግን ሙቀት የሚችለውን በፈላ ውኃ ነክሬ ነው ቤት የማስገባው፣ ትኋኑም እንቁላሉም አይተርፍም።

ኪሮሽ፦ ማንም የእጅ ሥራን አላነሳም። «ራሳችሁ ሥሩት» የሚሉ ሰዎች ክር ገዝተው ያውቃሉ? የአንድ ሹራብ ክር ከተዘጋጀው ሹራብ ይበልጣል፣ ጉልበቱን ትተነው። እኔ ክር የማገኘው ከልባሽ ሹራብ ነው። ተርትሬ፣ ጠቅልዬ፣ አጥቤ፣ ክብደት አንጠልጥዬበት ሲደርቅ ይቃናል። ግን የትኛውም ሹራብ አይተረተርም። ገልብጡና የጎኑን ስፌት እዩ። ጠርዙ ተቆርጦ በኦቨርሎክ (ጠርዝ በሚጠቀልል የማሽን ስፌት) ከተያዘ አትድከሙ፣ ክሩ በየመስመሩ ተበጣጥሶ ነው የሚወጣው። ጠርዙ ሳይቆረጥ የተሠራና በሰንሰለት ስፌት የተያያዘ ከሆነ ግን ትክክለኛውን ጫፍ ስትስቢ ስፌቱ በአንዴ ይፈታል፣ ክሩም ረጅም ሆኖ ይመጣል። ልባሽ ቢታገድ የኔ እጅ ሥራም አብሮ ይቆማል። ይሄን የሚያስብ ባለሥልጣን መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ካልኩሌተር፦ ክልከላ ካላችሁ ሌላ መንገድም አለ። ስዊድን በ2017 ለጫማ፣ ለልብስና ለብስክሌት ጥገና የሚከፈለውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ25 ወደ 12 በመቶ አውርዳ ነበር። ፈረንሳይ ከ2021 ጀምሮ አንዳንድ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሲሸጡ ለመጠገን ምን ያህል እንደሚመቹ ነጥቡ ተጽፎ እንዲለጠፍ አስገድዳለች። ዕቃ ማስገባቱን ከመዝጋት ጥገናውን ማርከስ አይሻልም? መቀስ፣ አንተስ ምን ትላለህ?

መቀስ፦ ታክሱን ቢያወርዱልኝ አልጠላም። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ጥገና ሥራ ይሆናል እንጂ ትርፍ አይሆንም። አንድ ኮሌታ ገልብጦ መስፋት የግማሽ ሸሚዝ ድካም ነው። የተበላውን ፊት በጥንቃቄ ተርትረህ፣ ተኩሰህ፣ ንፁሁን ጎን ወደ ላይ አዙረህ ትመልሰዋለህ። ደንበኛ ግን «ትንሽ ስፌት ናት» ብሎ ሳንቲም ይዞ ይመጣል። ጥገናን የሚያረክሰው ሕግ ከመጣ የረከሰውን ማን እንደሚሸፍን ይጻፍበት። እኔ ከሆንኩ ልባሽን በግማሽ እስማማለሁ፦ የልጅ ልብስ ይግባ፣ የአዋቂ ሸሚዝ ቀረጥ ይከፈልበት።

የልጆች እናት፦ እና የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ የማን ሸሚዝ ነው የሚለብሰው? ቁመቱ አንተን ያክላል።

ቴስተር፦ 😂 በኪሎ ይመዘን እንደ ሩዋንዳ።

አወያይ፦ ድምፅ እንስጥ ብዬ ነበር፣ ግን አሁን ጥያቄው ራሱ ሦስት ሆኗል። ፍሪጅ፣ ፍራሽና ሄልሜት ላይ «ይከልከል» የሚል 1፣ ልብስ ላይ «ይግባ» የሚል 2፣ መቀስ ያለውን የሚደግፍ 3 ብሎ ይጻፍ። ኪሮሽ፣ የሹራቡን ስፌት ፎቶ ላኪልን፣ በጽሑፍ ብቻ የገባው ያለ አይመስለኝም።