ማታ ማታ ዋይፋዬ ይሞታል፣ ምልክቱ ግን ሙሉ ነው። ቻናል ልቀይር ወይስ ራውተር?

የልደታዋ፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ቀን ላይ ኔቱ ምንም አይልም። ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ግን ጉዱ ይጀምራል፤ ስብሰባ ላይ ድምፄ ይቆራረጣል፣ ቪዲዮ ስከፍት ክቧ ብቻ ትሽከረከራለች። የሚገርመው ስልኬ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ነው። ራውተሩ ሳሎን ነው፣ እኔ የምሠራው መኝታ ቤት፣ መሃላችን አንድ የብሎኬት ግድግዳ ነው ያለው።

አንድ የሰፈር ልጅ ዋይፋይ አናላይዘር የሚባል አፕ አውርጂ አለኝ። አወረድኩት። የጎረቤት ኔትዎርክ መዓት ነው! ሁሉም ቻናል 1፣ 6 እና 11 ላይ ተደራርቧል። 3 እና 8 ላይ ግን አንድም ሰው የለም። ባዶ ቦታ እያለ ለምን ሁሉም እዚያ ይታፈናል? ወደ 3 ልቀይረው? ወይስ ጉልበት ያለው ራውተር ልግዛ? ባለሱቁ ባለ ስድስት አንቴና አሳይቶኛል፣ ዋጋው ግን አያስጠጋም። ጎረቤቴ ደግሞ ጥፋቱ የምጣድ ነው ባይ ናት፣ ሰው እንጀራ ሲጋግር ነው ኔት የሚሞተው ትላለች።


ሽቦ_በሽቦ፦

እህቴ፣ 3 ላይ እንዳትሄጂ። ባዶ የመሰለሽ ባዶ አይደለም።

ዋይፋይሽ የሚያወራበት የ2.4 ጊጋኸርዝ ባንድ (የሞገድ ክልል) የሚባለው ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ ያለው ነው። ይኼው ነው፣ ሌላ ቦታ የለውም። ቻናሎቹ በ5 በ5 ሜጋኸርዝ ልዩነት ተደርድረዋል፤ የ1 መሃሉ 2412፣ የ2 መሃሉ 2417፣ እንዲህ እያለ 13 ላይ 2472 ይደርሳል። ግን አንድ ዋይፋይ ሲያወራ የሚይዘው 5 ሳይሆን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ነው። ስለዚህ አንቺ 3 ላይ ስትገቢ ከ2412 እስከ 2432 ያለውን ትይዣለሽ። የቻናል 1ን ግማሽ፣ የቻናል 6ን ሩብ ወሰድሽ ማለት ነው። ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚቀመጡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው፣ ሰው ሁሉ እዚያ የታጨቀውም ለዚህ ነው።

ከተጨናነቀ ቦታ መግባት እንዴት ይሻላል ካልሽኝ፦ ዋይፋይ ከማውራቱ በፊት ያዳምጣል። አየሩ ከተያዘ ይጠብቃል፣ ሲለቀቅም በዕጣ የደረሰችውን ትንሽ ጊዜ ታግሦ ነው የሚልከው። አንድ ቻናል ላይ ያሉ ጎረቤቶች የሌላውን መልእክት መግቢያ ማንበብ ይችላሉ። ይኼኛው ምን ያህል ጊዜ እንደሚያወራ እዚያው ላይ ተጽፎ ስለሚመጣ ዝም ብለው ይጠብቁታል። ማታ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ በይው፤ ይረዝማል እንጂ ተራሽ ይደርሳል። 3 ላይ የሚገባው ግን ከጎን እየተጋፋ የሚመጣው ነው፤ ሰልፉም ይበተናል፣ እሱም አይሳፈርም።

ቁጥር ለሚወድ፦ ራውተር በራሱ ቻናል ላይ ሌላ ዋይፋይ ሲሰማ ምልክቱ ከዜሮ በታች 82 ዲቢኤም (የምልክት ጉልበት መለኪያ ነው) ድረስ ደካማ ቢሆን እንኳ ይጠብቃል። የማይገባው ጫጫታ ከሆነ ግን ከዜሮ በታች 62 እስኪደርስ ችላ ይለዋል። ልዩነቱ በጉልበት ሲሰላ 100 እጥፍ ነው። ስለዚህ 3 ላይ ያለሽው አንቺ ቻናል 1 ላይ ያለውን ጎረቤት እንደ ሰው አትቆጥሪውም፣ በላዩ ላይ ታወሪበታለሽ፣ የሁለታችሁም ዳታ ይበላሻል፣ ሁለታችሁም እንደገና ትልካላችሁ። አየሩ ደግሞ ይብስ ይጨናነቃል።

ምልክቱ ሙሉ መሆኑ አይሸውድሽ። እሱ የሚነግርሽ ስልክሽ ራውተሩን ምን ያህል አጉልቶ እንደሚሰማ ብቻ ነው። አየሩ ነጻ ይሁን አይሁን አያውቅም።

ባለ ስድስት አንቴናውን እርሺው። ራውተሩ ቢጮህ ስልክሽ በዚያው ጉልበት መልሶ አይጮህም። የጨመረው ጉልበት ደግሞ ጎረቤትንም ይረብሻል፣ እሱም ነገ ስምንት አንቴና ይገዛል።

ምጣዱን በተመለከተ፣ ምጣድ ሽቦ አግሎ የሚሠራ ዕቃ ነው፣ 2.4 ላይ የሚያወራው ነገር የለም። ግን ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ አለ። ሕንጻው ላይ ብዙ ምጣድ አንድ ላይ ሲበራ ቮልቴጅ ይወርድና ራውተር ጠፍቶ ሊነሳ ይችላል። የራውተሩ መብራቶች ጠፍተው እንደ አዲስ ሲበሩ ካየሽ ጎረቤትሽ እውነቷን ነው። ካልሆነ ሴትየዋን ተያት። ማይክሮዌቭ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የሚያሞቀው 2450 ሜጋኸርዝ አካባቢ በሆነ ሞገድ ነው፣ በሩ አካባቢ የሚያፈተልከው ትንሽ ነገር ለዋይፋይ ይበቃዋል። ራውተርሽ ከማይክሮዌቭ አጠገብ ከሆነ አርቂው።


ፓኬጅ_ሞላ፦

ትንታኔው ጥሩ ነው፣ ግን ምናልባት ፍጥነቱ ራሱ ትንሽ ነው። ፓኬጅሽን አሳድጊው።


ሽቦ_በሽቦ፦

@ፓኬጅ_ሞላ ሳይለኩ ብር ማውጣት ነው። መጀመሪያ ማታ ላይ ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክታ ፍጥነቱን ትለካ። በኬብልም ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ ከሚመጣው መስመር ነው፣ አቅራቢዋን ትደውልለት። በኬብል ፈጣን ሆኖ በዋይፋይ ከሞተ ጥፋቱ የአየሩ ነው፣ ፓኬጅ እጥፍ ብታደርገው ለውጥ የለውም።


ባለ_ካፌው_ፒያሳ፦

ወገን፣ ነገር አታብዙ። ማታ 2.4 ላይ ማንም አይተርፍም። ወደ 5 ጊጋ ግቢ፣ አለቀ። እኛ ካፌ ከሰዓት በኋላ ልጆች ላፕቶፕ ይዘው ሲሞሉ 2.4 ላይ ቡና ማዘዝ ብቻ ነው የሚቻለው። ደንበኛውን ሁሉ ወደ 5 ከቀየርን በኋላ ጭቅጭቅ ቀረ። ራውተርሽ ሁለት ባንድ ከሆነ ስሙ መጨረሻ ላይ 5ጂ የሚል ሌላ ኔትዎርክ ታያለሽ። የሞባይሉ 5ጂ አይደለም፣ አትደናገሪ፣ 5 ጊጋኸርዝ ለማለት ነው።

አንድ ችግር አለው። ግድግዳ አይወድም። የኛ ቤት የድሮ የድንጋይ ግንብ ነው፣ ጓዳ ስትገቢ ይጠፋል።


አምስት_ኪሎ_ላብ፦

ባለ ካፌው ትክክል ነው፣ ግን 5 ላይም የት እንደምትገቢ ለውጥ አለው። እዚያ የቻናል ቁጥር በ5 አባዝተሽ 5000 ስትጨምሪ መሃሉን ታገኛለሽ፦ 36 ማለት 5180 ሜጋኸርዝ ነው። 36፣ 40፣ 44 እና 48 በ20 ሜጋኸርዝ ሳይነካኩ ይቀመጣሉ። ከ52 እስከ 144 ያሉት ግን ከራዳር ጋር የሚጋሯቸው ናቸው። ራውተሩ እዚያ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ዝም ብሎ ማዳመጥ አለበት፣ ሥራ ላይ እያለም ራዳር የሰማ ከመሰለው ቻናሉን ለቆ ይሄዳል። ስብሰባ መሃል ሁሉም ዕቃ አንዴ ተቋርጦ የሚመለስበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። በሌላ በኩል ብዙ ርካሽ ራውተር እዚያ ስለማይገባ ቦታው ጭር ያለ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ከ36 እስከ 48 ካሉት፣ ወይም ራውተርሽ ካሳየሽ 149 እና ከዚያ በላይ ያሉትን ነው የምሞክረው።

ራውተሩ ላይ የቻናል ስፋት የሚለውንም እዪው። 2.4 ላይ 40 ሜጋኸርዝ ወይም አውቶ ካለ ወደ 20 አውርጂው። 83.5 ብቻ በሆነ ባንድ ላይ አንድ ሰው 40 ሲይዝ የጎረቤትን ድርሻ መብላት ነው፣ ራሱንም አይጠቅመውም፣ በግጭት ያጣዋል። 5 ላይ 80 ማድረግ ይቻላል፣ ሕንጻው ከታጨቀ ግን 40 ይበልጥ የተረጋጋ ነው።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር፦ እያንዳንዱ ኔትዎርክ ማንም ባይጠቀምበት እንኳ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል አለሁ፣ አለሁ ይላል። ያንንም ብዙ ጊዜ በዘገምተኛው ፍጥነት ነው የሚለው። ለእንግዳ ብለሽ የከፈትሽው ሁለተኛ ኔትዎርክ ካለ ዝጊው። ስም መደበቅ አይረዳም፣ ተደብቆም ማውራቱን አያቆምም።

አውቶ ቻናልንም፣ ማለትም ራውተሩ ራሱ የሚመርጠውን፣ አትመኚው። ብዙ ራውተሮች ሲነሱ አንዴ አይተው ነው የሚመርጡት። እኛ ሀገር ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሕንጻው ራውተር ሁሉ እኩል ይነሳል፣ እኩል ያዳምጣል፣ ገና ማንም አላወራምና አንዱ ቻናል ላይ ተግተልትለው ይገባሉ። በእጅ ምረጪ፣ ያውም ማታ አይተሽ።


ባለ_ካፌው_ፒያሳ፦

ይኼን ሁሉ የሚቆጣጠር የለም እንዴ? ለሬዲዮ ጣቢያ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ዋይፋይ ግን እንደፈለገ!


አምስት_ኪሎ_ላብ፦

ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው። የሞባይል ኩባንያዎች የሚሠሩበት ባንድ በፈቃድ የተሰጣቸው ነው፣ እዚያ ላይ ሌላ ሰው አያወራም። ዋይፋይ የተወለደው ግን በተቃራኒው ነው። 2.4 ለማሞቂያና ለኢንዱስትሪ ዕቃ የተተወ፣ ረባሽ የበዛበት ባንድ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 ያለ ግል ፈቃድ ለመገናኛ መጠቀም ይቻላል ብላ ከፈተችው፣ የመጀመሪያው የዋይፋይ ደረጃ በ1997 ወጣ። ብሉቱዝም እዚያው ነው ያለው። እሱ ብልጥ ነው፣ 1 ሜጋኸርዝ ስፋት ባላቸው 79 ቻናሎች ላይ እየዘለለ የተያዘውን ይሸሻል። የጆሮ ማዳመጫሽ ኔቱ ሲሞትም የሚሠራው ለዚህ ነው።


የልደታዋ፦

እናንተ ሰዎች ተባረኩ። በኬብል ለካሁት፣ ማታም ፈጣን ነው። ስለዚህ አየሩ ነው። 5 ላይ 44 አደረግኩት፣ ሳሎን ቁጭ ብዬ ስብሰባ ስገባ ምንም አላለኝም። መኝታ ቤት ግን ምልክቱ አንድ መስመር ይሆንና ስልኬ ራሱ ወደ 2.4 ይመለሳል። ፕሪንተሬም ጠፋ። ሪፒተር ልግዛ? ደግሞ 13 ባዶ ነው፣ ለ2.4ቱ እሱን ብጠቀምስ?


ሽቦ_በሽቦ፦

ፕሪንተርሽ ምናልባት 5ን አያውቅም፣ ብዙዎቹ 2.4 ብቻ ናቸው። ሁለቱን ባንድ በተለያየ ስም አድርጊያቸው። 2.4ቱን ከ1፣ 6 እና 11 ማታ ሲታይ የጎረቤት ምልክት የደከመበት ላይ አድርጊና ለፕሪንተሩ ተዪለት፣ ላፕቶፕና ስልክሽን 5 ላይ ብቻ አስገቢ። የ2.4ቱን ስም ስልክሽ እንዲረሳው አድርጊ፣ ካልሆነ እየዘለለ ይመለሳል።

13 በመርህ ደረጃ ይሠራል፣ ግን 11ን በከፊል ይነካል። ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው ላፕቶፕ ወይም ስልክ ካለሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ 12 እና 13ን አያይም፣ ዋይፋዩ የለም ይልሻል።

ሪፒተር አትግዢ። አብዛኛው ርካሹ በአንድ ቻናል ተቀብሎ በዚያው ቻናል ነው መልሶ የሚያወራው፣ አንድ መልእክት አየሩን ሁለቴ ይይዛል፣ ፍጥነቱም ግማሽ ይሆናል። በዚያ ሕንጻ ላይ ሌላ ተናጋሪ መጨመር ነው። መጀመሪያ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጪና ወደ መኝታ ቤቱ በር አቅጣጫ ከፍ አድርገሽ ስቀዪው። በክፍት በር የሚያልፈው በብሎኬት ከሚያልፈው ይበልጣል። የኮንክሪት ኮለን መሃል ካለ ግን የራውተሩን ቦታ መቀየርሽ አይቀርም፣ አንድ ሜትር ወደ ጎን ብቻ ይበቃ ይሆናል።

እሱም እምቢ ካለ ካት 6 የሚባለውን የኔትዎርክ ኬብል ከራውተሩ በግድግዳው ጥግ አሳልፈሽ ላፕቶፑ ላይ ሰኪው። መርካቶ በሜትር ይሸጣል፣ ጫፉን እዚያው ያስገቡልሻል። በሩ እንዳይቆርጠው ከታች ሳይሆን ከላይ አስዞሪው።