12ኛው የታሮት ካርድ፦ ሰውየው በየትኛው እግሩ ነው የተሰቀለው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ታሮት (ዕድል ለማንበብ የሚወጡ ባለሥዕል ካርዶች) 12ኛ ካርድ ማብራሪያ እየጻፍኩ ነው። አንዱ ምስል ላይ ሰውየው በቀኝ እግሩ፣ ሌላው ላይ በግራው ተንጠልጥሏል። የትኛው ነው ስህተቱ? ትርጉሙስ ሞት ነው? በአማርኛ «የተሰቀለው ሰው» ብለው ያስኬዳል?

ብራና፦ ስህተት የለም፣ ሁለት የተለያዩ የካርድ ዓይነቶች አይተህ ነው። በግራ እግሩ ከሆነ የማርሴይ ታሮት (የቆየው የፈረንሳይ ዓይነት) ነው፤ ግራና ቀኝ ቅርንጫፋቸው የተመለመለ ሁለት ግንዶች ታያለህ። በቀኙ ከሆነ አርተር ኤድዋርድ ዌይት አሰናድቶት ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሳለችው፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን የታተመው ነው። እዚህኛው ላይ እንጨቱን ቀረብ ብለህ እየው፤ ቅጠል አለው፣ ማለትም እርጥብ ነው። ነፃው እግር ከጉልበቱ ታጥፎ ከታሰረው ኋላ ተሻግሯል፤ እጆቹ ከጀርባው ናቸው፤ ራሱን አክሊለ ብርሃን ከቦታል። ፊቱ ላይ ስቃይ ፈልገህ አታገኝም። ሞት የራሱ ካርድ አለው፣ 13ኛው።

ሰርክ፦ መነሻውን አትዝለለው። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ኢጣልያ የመጫወቻ ካርታ ነበር። ይህ ካርድ እዚያ «ከሃዲው» ይባል ነበር፤ በዘመኑ ከሃዲን በአንድ እግሩ ተዘቅዝቆ እንደተሰቀለ አድርጎ በአደባባይ ግድግዳ ላይ መሳል የማዋረጃ ቅጣት ነበርና። መሥዋዕትነት፣ ቆም ብሎ መጠበቅ፣ ነገርን ከሌላ ጎን ማየት የሚሉት ፍቺዎች በኋላ የመጡ ናቸው።

ጠያቂ፦ ካርዱ ራሱ ተገልብጦ ሲወጣስ?

ቀንዲል፦ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካርዱ ሲገለበጥ ሰውየው ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል፣ «ተቃንቷል» ብለህ ታነበዋለህ። ሰውየውን ትተህ ጽሑፉን እይ፦ በ1909ኙ ካርድ የሮማ ቁጥሩ ከላይ፣ ስሙ ከታች ከሆነ አልተገለበጠም። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ኩር ደ ዠብላንም እ.ኤ.አ. በ1781 ሰውየው በአንድ እግሩ የቆመ «አስተዋይነት» ነው፣ አታሚዎቹ ገልብጠውት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ግን አልገለበጡትም፤ የኢጣልያዎቹ ጥንታዊ ካርዶች ላይም ተዘቅዝቆ ነው። ተገልብጦ ሲወጣ ብዙዎች የሚያነቡት ፍሬ የሌለው መጠበቅ፣ እልህ፣ ማንም ያልጠየቀው መሥዋዕትነት ብለው ነው።

ብራና፦ ስሙን ረሳነው። «የተሰቀለው» ካልክ አንባቢህ በቀጥታ ስቅለት ነው ትዝ የሚለው፤ «ቁልቁል የተሰቀለው» ካልክ ደግሞ ቅዱስ ጴጥሮስ። «የተንጠለጠለው ሰው» በለው፤ «ተዘቅዝቆ» የሚለውን ማብራሪያው ውስጥ አስገባው።